የነጎንሳሎ ቤት እና የእኛ ቀኛዝማች

ልጅ ሳለሁ የሰው ወሬ ቶሎ አይዋጥልኝም ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ መርማሪ ሆና ነው የተወለደችው» እያለች ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን ጥርጣሬን ይዤው የተወለድኩ አይመስለኝም። ያስለመዱኝ የአባቴ አጎት ጋሽ ላቀው ናቸው፤ ያስለመዱኝም በተረት ነው። ተረቱ የጅብና የቀበሮ ቢሆን ኖሮ እንደማንኛውም ልጅ ሰምቼ በረሳሁት። እሳቸው በስደት በምንኖርባት በኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ዳር ባለው አፓርታማችን ጓሮ ተቀምጠው ይተርኩልኝ የነበረው፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ካስቲያ በሚባል የስፔን አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ እነ ጎንሳሎ የሚባሉ ቤተሰቦች ከምንም ተነሥተው እንዴት መኳንንት እንደሆኑ ነው።

ያኔ አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ መጦሪያ ቤት ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ትሠራለች፤ ታላቅ እህቴ ሰላማዊት ኮሌጅ ትማራለች። ጋሽ ላቀው ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ጠዋት የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ ውለው ስለሚመለሱ ከትምህርት ቤት ስመጣ የማገኘው እሳቸውን ነው። በበጋ፣ ፀሐይ ወደ ተራሮቹ ስታዘቀዝቅ፣ ለተከራይ ሁሉ ተብሎ ጓሮው ውስጥ በተተከለው የብረት ምድጃ ላይ ከሰል ያቀጣጥሉና በቆሎ ይጠብሳሉ። ጭሱ የተቀመጥኩበትን እየተከተለ ዓይኔን ያስለቅሰዋል፤ የፓርኪንጉ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይበራና ፍሙ ከበፊቱ ይልቅ የቀላ ይመስላል፤ እሳቸውም ያኔ ነው ጉሮሯቸውን ጠራርገው የሚጀምሩት።

ከበላያችን የሚኖሩት የሜክሲኮ ልጆች የበቆሎው ሽታ ሲደርሳቸው ደረጃውን እየዘለሉ ይወርዳሉ። ጋሽ ላቀው በወጣትነታቸው እርሻ እንዲማሩ ኩባ ተልከው ብዙ ስለቆዩ ስፓኒሽ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ታሪኩን መጀመሪያ ለልጆቹ በስፓኒሽ፣ ቀጥሎ ለእኔ በአማርኛ ይነግራሉ። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነበር። ልጆቹ የሚስቁበት ቦታና እኔ የምስቅበት ቦታ አይገጥምም፤ የእነሱ ረዥም ነው፣ የእኔ አጭር። አንድ ቀን ደፍሬ «ለእኔ የሚዘሉት ነገር አለ አይደል?» አልኳቸው። በቆሎውን እያገላበጡ «ለእነሱም የምዘለው አለ» አሉኝ። ይህ መልስ ጭራሽ አላሳረፈኝም።

ታሪኩን እሳቸው የሰሙት ሀቫና ውስጥ ቋንቋ ካስተማሯቸው አሮጊት ነው። አሮጊቷ የዚያች የነጎንሳሎ ከተማ ተወላጅ ነኝ ይሉ ነበር አሉ። «ነኝ ይሉ ነበር» የምትለዋን ጫን ብለው ነው የሚናገሯት።

የመጀመሪያው ጎንሳሎ የበግ ፀጉር ነጋዴ ነበር። ከተማዋ ወንዝ ዳር ባለ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ በግንብ የታጠረች ናት፤ መንጋ በየዓመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲነዳ በበሯ ሥር ያልፋል። ጎንሳሎ ፀጉሩን እየገዛ ይሸጣል፤ ቢታጠብ ቢታጠብ ልብሱ የበግ ቅባት ይሸታል። ልጁ ግን እንዲሸት አልፈለገም። ልጁን የከተማው ሹሞች ዘንድ ጸሐፊ አድርጎ አስገባው፤ ልጁ ከሹሞቹ ጋር ማዕድ መቁረስ ጀመረ፤ ከሹሞቹ አንዱ ሲሞት ወንበሩን ያዘ፤ ያ ወንበር ከዚያ ወዲያ ከነጎንሳሎ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ንጉሡ ደቡብ ላይ ጦርነት ሲከፍት ፈረስና ስንቅ ላኩለት፤ ንጉሡም ስማቸውን ለይቶ አወቀ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የራሳቸውን መቃብር አሠሩ፤ በራቸው አናት ላይ ደግሞ ተኩላና ዛፍ የተቀረጸበት የድንጋይ ጋሻ አቆሙ።

«ተኩላው ከየት መጣ?» ይሉኛል ጋሽ ላቀው። «እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት በግ ነው።»

እንዲህ ናቸው። ተረቱን መሃል ላይ ቀጥ ያደርጉትና ያፈጡብኛል። የጎንሳሎ አያት ጦር ሜዳ ላይ ንጉሥ አድኗል ይባላል፤ «ማን አየ?» ይሉኛል። የጎንሳሎ ሚስት ከሰሜን ባላባቶች ወገን ናት ይባላል፤ «ማን አየ?» በቆሎዬን ይሰጡኝና ይቀጥላሉ።

ደስ የሚለኝ የክርክሩ ክፍል ነበር። በዚያ አገር መኳንንት ግብር አይከፍሉም፤ ሸክሙ በሙሉ የገባሪው ነው። እነ ጎንሳሎ እኛም ከእንግዲህ አንከፍልም ሲሉ፣ ገባሪዎቹ ተቆጥተው ዳኛ ፊት አቆሟቸው። እነ ጎንሳሎም ዘራችን ከዚያ ነው ካሉት ከሰሜን ተራራ ሽማግሌዎች አስመጡ። ሽማግሌዎቹ መስቀል ይዘው ማሉ። አንዱ አያታቸው በፈረስ ሲሄዱ አይቻለሁ አለ። ሌላው ግብር ሲከፍሉ አላየሁም አለ። የመጨረሻው እኔ አላየሁም፣ ከአባቴ ሰምቻለሁ አለ። ዳኞቹም ተቀበሉ፤ የበግ ፀጉር ነጋዴ የነበረው አያታቸውም ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ መቃብሩ ውስጥ እንደተኛ ባላባት ሆነ።

«ዋሽተው ነዋ» አልኳቸው።

«ጎንሳሎ አይገርመኝም» አሉ ጋሽ ላቀው። «ጎንሳሎ የፈለገው ይታወቃል። እኔን የሚገርሙኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ምለው ወደ ተራራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ምን ተባባሉ?»

አንድ ምሽት ፍም ከምድጃው ተንከባሎ እግሬ አጠገብ ወደቀ። ጋሽ ላቀው ጎንበስ ብለው በባዶ ጣታቸው አነሡና ሳይቸኩሉ ቦታው መለሱት። «አያቃጥልም?» አልኳቸው።

«ያቃጥላል እንጂ። ግን እኔ ወናፍ ሥር ያደግኩ ነኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ብረት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ የዚያን አገር ማረሻና ማጭድ በሙሉ የሚሠራው እሱ ነው። ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ኩራት ነበር፤ እዚህ ላይ አልጠራጠርም። በማግስቱ አባቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ፣ ትልቅ ዜና እንዳገኘ ሰው፣ ቅድመ አያቴ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ነገርኩት። አባቴ መኪናውን አንድ ሱቅ ፊት ፓርክ አደረገና ዞሮ አየኝ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ጋሽ ላቀው።»

«ጋሼ ሲቀልዱ ነው። ቅድመ አያትሽ ቀኛዝማች አስፋው ናቸው። ቀኛዝማች ማለት የጦር አዛዥ ማለት ነው። ይህን ነገር ለሰው እንዳታወሪ። ቸርች ግቢ ውስጥ ሰሚ አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ሰዎች መከታተል ያዝኩ። ከሁለት አንዳቸው ይዋሻሉ፤ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። አባቴ ስለ ቀኛዝማቹ ሲያወራ የፈረሳቸው ቀለም አንዴ ዳማ፣ አንዴ ነጭ ይሆናል። ጋሽ ላቀው ስለ ወናፍ ሲያወሩ ግን ሁለት እጃቸው ሳያውቁት ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሽ ላቀውን አመንኩ። ቸርች ግቢ ውስጥም ጆሮዬን ማቆም ጀመርኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚያወሩትን ስሰማ፣ ኦሮራ ውስጥ ታክሲ የሚነዳውና አረጋዊ የሚያጥበው ሰው ሁሉ የፊታውራሪ ወይም የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ መሬት ማን ያርስ ነበር?

መጨረሻ ላይ እናቴን ያዝኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ያገሩ ሰው ማረሻውን ከቀጥቃጭ እጅ ይቀበላል፤ ልጁን ግን አይድርለትም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላቸዋል። አባትሽ ልጅ ሆኖ በዚህ ብዙ ተሰድቧል፣ ብቻውን ነው የተጫወተው። እዚህ ሲመጣ አንድ ሰው ዘሩን ጠየቀው፤ ቀኛዝማች የምትለዋ ቃል ከአፉ ወጣች። ከወጣች በኋላ ምን ይደረጋል? ዝም በይ፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ያኔ ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ገና የሚጎዳ ሰው አልነበረምና።

ከዚያ ሰላማዊት ኤፍሬምን ወደደች። ኤፍሬም ቶርንተን ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲያወራ እህቴን ብቻ የሚያይ፣ እኔን እንኳ ለመጠራጠር ያስቸገረኝ ልጅ ነበር። ያስፈራን እናቱ እትዬ አስካለ ናቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ካባ የደረበ ባላባት ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ የባለቤታቸው አያት ነው ይባላል፤ ለፋሲካ ሄደን ቆሜ አየሁት፣ ከቤቱ ሰው ማንንም አይመስልም። እትዬ አስካለ «ልጄ የሚያገባው የጨዋ ልጅ ነው» ብለዋል የሚል ወሬም ቻምበርስ ሮድ ድረስ መጣ። ሰላማዊት ይህን ከሰማች ወዲህ ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ትቆያለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

የእነ ኤፍሬም ሽማግሌዎች የመጡት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። እንደ ደንቡ ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ ብለው፣ ለቁም ነገር እንደመጡ ቆመው ተናገሩ፤ አባቴም እንደ ደንቡ ትንሽ አንገራገረና አስቀመጣቸው። ከሁለቱ ወገን ዝምድና እንዳይኖር ዘር እስከ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ከእኛ በኩል ጋሽ ላቀው እንጂ ሌላ ሽማግሌ አልነበረንም። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሲለምናቸው ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ለእኔ ብለው አይደለም፣ ለልጅቷ ብለው» ይላቸዋል። እሳቸው የአባቴን ክራቫት ለማሰር እየታገሉ «ትወደዋለች?» ብቻ አሉ። አባቴ «በጣም» አለ።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ስለነበር እኔ ወለሉ ላይ፣ ጋሽ ላቀው እግር ሥር ተቀመጥኩ። የእነ ኤፍሬም ትልቁ ሽማግሌ ቀድመው ቆጠሩ፤ በአባቱ በኩል፣ ደጃዝማቹንም ግራዝማቹንም እየጠሩ፣ አንዳንዱን ስም ሁለት ጊዜ የጠሩት መሰለኝ። እኔ በልቤ ማን አየ፣ ማን አየ እላለሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጋሽ ላቀው ዞረ።

«ሰላማዊት የጌታሁን ልጅ ናት» አሉ። «ጌታሁን የወንድሜ የይመር ልጅ። ይመር...»

ከላይ የሜክሲኮዎቹ ልጆች ሲሮጡ ጣሪያው ይንኳኳል። አባቴ ምንጣፉን ያያል። እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸውም እኔን አዩኝና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ።

«ይመር የቀኛዝማች አስፋው ልጅ።»

ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀኛዝማችን በዓይንዎ ደርሰውባቸዋል?»

«አባቴ አይደሉ?» አሉ ጋሽ ላቀው። «በቅሏቸው ላይ ሲቀመጡ እርካቡን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ።»

እንዲያውም የበቅሎዋን መጣብር ቀለም ሁሉ ጨመሩ፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ጥሩ ተረት ሰሙላቸው። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ግን በጣም ከብዶኝ ነበር። የቀሩትን አያቶች እስከ ሰባት ቤት አወረዱ፣ ዝምድና የለም ተባለ፣ ቀጠሮ ተቆረጠ፤ እናቴ እልል አለች፣ ሰላማዊት ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። እህቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ውሸቱ ደግሞ ደስታዬ ውስጥ እንደ አሸዋ ይቆረቁረኛል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ ላቀው ጓሮ ወጡ። ተከተልኳቸው። ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር፤ አመዱን በእንጨት ይጭራሉ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው እንደሱ ያሉት?»

«እህትሽ ስታለቅስ እሰማለሁ» አሉኝ። «አባቴ የሞተ ሰው ነው፤ አይከፋውም ብዬ ነው።» ከዚያ፣ ልክ እንደ እኩያቸው፣ «ከፍቶት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ የነጎንሳሎን ታሪክ አልነገሩንም። የጎንሳሎ የልጅ ልጅ ልጅ ለአንድ ትልቅ መስፍን ልጅ ልትዳር፣ ከተማው በሙሉ መንገዱን ሲጠርግ ነበር ያቆምነው። የሜክሲኮዎቹ ልጆች እየመጡ ይጎተጉቷቸዋል፤ እኔም «ከዚያስ?» እላለሁ። «አሮጊቷ እዚህ ላይ ነው ያቆሙት» ይሉናል። አላመንኳቸውም። በቆሎ መጥበሱን ግን አልተዉም።

እህቴና ኤፍሬም በጥሩ ሁኔታ ይኖራሉ፤ ልጆች ወልደዋል። ጋሽ ላቀው ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ከአባታቸው ከቀኛዝማች አስፋው» ብሎ ጀመረ፤ ሕዝቡ በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ። አባቴን አየሁት፤ እያለቀሰ ነበር፤ ለምኑ እንደሚያለቅስ ግን መለየት አልቻልኩም። ያ ማረሻ ሲሠራ የኖረ ቀጥቃጭ፣ ስሙን ከነሥራው የሚያውቁት አንድ ልጁ ሲቀበሩ፣ እሱም አብሮ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀበረ። በአሁኑ ጊዜ ሰው ስለ ቤታችን ሲያወራ ደጃዝማች አስፋው ሲል እሰማለሁ። ማን እንደሾማቸው አላውቅም፤ ኦሮራ ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ማዕረግ የሚያገኘው።

ባለፈው ዓመት የሰላማዊት የመጀመሪያ ልጅ ግራጁዌሽን ነበርና ቶርንተን ተሰበሰብን። ልጁ ለጓደኞቹ በእንግሊዝኛ «የአያቴ አያት ጀነራል ነበር» ይላቸዋል። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፤ ከእኔ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኔ እኮ የሸማኔ ልጅ ነኝ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የባሌን ወገን ቆጥረው መጡ፤ የእኔን የጠየቀ የለም። እናንተ ብትጠይቁ ምን እላለሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የጨዋ ልጅ፣ የጨዋ ልጅ ስል የከረምኩት ሰው ወደኔ እንዳያይ ነው። ለኤፍሬም እንኳ አልነገርኩትም። አንቺ ዝምተኛ ነሽ ብዬ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ደግሞ ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩ ያህል ነው፤ አስፋው ቀጥቃጭ ነበሩ ብዬ አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር። አፌንም ከፈትኩ። ወዲያው ግን ያ የኖረ ጠባዬ መጣ። ለምን ለእኔ? ለምን ዛሬ? የሰሙት ነገር ይኖር ይሆን? የራሳቸውን አውጥተው የእኛን ሊያወጣጡኝ ይሆን?

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ቀኛዝማችም እኮ ሸማኔ በጣም ያከብሩ ነበር አሉ።»

እትዬ አስካለ ትንሽ አዩኝ። «ጥሩ ሰው ነበሩ ማለት ነው» አሉና ቀና ብለው፣ ከእኔ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አሁንም ቢሆን ሊያወጣጡኝ ነበር የሚለው ሐሳብ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ሌሊት ሌሊት ስነቃ ግን የሚመጣብኝ ሌላ ነው። ጋሽ ላቀው አባታቸውን የካዱት አንዲት ልጅ ታለቅስ ስለነበር ነው። እኔ ቅድመ አያቴን በካድኩበት ቀን የሚያለቅሱት እትዬ አስካለ ነበሩ፤ እሳቸውም ያለቀሱት እውነቱን ተናግረው ነው።